ቀለበቴ ስትሞረድ ሻይ እየጠጣሁ ነበር

ንዴቴ ገና አልበረደም። ስለዚህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ይቅር በሉኝ። ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ያ ድምፅ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ክርር... ክርር... ክርር።

የሐዋሳ ወርቅ ቤቶችን ታውቋቸዋላችሁ። መስታወቱ ከሩቅ ይጠራል። አንድ እግር እንዳስገባችሁ «ግቢ የኔ እናት፣ ቁጭ በይ፣ ውሃ ይምጣልሽ?» ይባላል። ባለቤቱ ከፊት፣ ሚዛኗ ከጎኑ፣ ከኋላ መጋረጃ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ፊቱን የማታዩት ልጅ አለ። የቤቱን ስም አልጠራም። ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ይብቃችሁ።

ቀለበቷ የእጮኛዬ ናት። አክስቱ ከዱባይ አምጥታለት ባለፈው ዓመት ፍቅር ሐይቅ ዳር ጣቴ ላይ አደረጋት። ፕላቲኒየም ናት። በአራት ጥፍር የተያዘች አንዲት ትንሽ አልማዝ አለቻት። ውስጧ «ፒቲ 950» ተብሎ ተመትቷል፣ ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳው እጅ ንጹሕ ፕላቲኒየም ነው ማለት ነው። አብሯት የመጣው ወረቀት ላይ 5.92 ግራም ይላል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

እኔ ደግሞ ቡና ስወቅጥም አላወልቃትም። እናቴ ስንት ጊዜ «ኧረ አውልቂ፣ ዘነዘናው ይበላታል» አለችኝ። አልሰማሁም። በዓመቷ ጭረት በጭረት ሆነች፣ መልኳም ደበዘዘ። ፕላቲኒየም እንዲህ ነው አሉ፣ እንዲያውም ያንን ደብዘዝ ያለ መልክ ወደውት ሳያስነኩ የሚተዉ ሰዎች አሉ። ምነው እኔም በተውኳት! ግን ሠርጋችን አንድ ወር ቀርቶታል። ቪዲዮ ቀራጩ ጣቴ ላይ ካሜራውን ደቅኖ ሲቆም ታየኝና ተነስቼ ሄድኩ።

ባለቤቱ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አገላብጦ አያት። «አቤት! ፕላቲኒየም!» አለ። ማኅተሙን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ «ፒቲ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። ዋናው ነው! እንዲህ ዓይነቱ እኛ ጋ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው።» እኔም ቀለበቷን ራሴ የሠራኋት ይመስል ደረቴ ተነፋ። አሁን ሳስበው አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ዳር ቆሞ እንደሚጠብቅ አባ ኮዳ ነበር የሚያያት።

«ጭረቷን እናጠፋታለን፣ አንዷ ጥፍሯም ላልታለች፣ እሷንም እንይዛታለን። 2,000 ብር።» ተከራክሬ 1,800 አደረስኩት። 200 ብር አስቀነስኩ ብዬ ጎበዝ ነኝ አልኩ። ደረሰኝ ጻፈልኝ። «1 ነጭ ቀለበት፣ ማጠብ» ይላል። ግራም የለም፣ ፕላቲኒየም የለም፣ አልማዝ የለም። አየሁት። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ወደዚያች ወንበር ልመለስ፣ ምክንያቱም ከእሷ ላይ መነሳት አቅቶኛል።

ሻይ መጣልኝ። ቅርንፉድ አለው፣ ደስ ይላል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል። ከመጋረጃው ጀርባ ክርር ይላል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ደግሞ ክርር። ባንኮኒው ጋ ያለችውን ልጅ «ምንድን ነው እሱ?» አልኳት። «ማሽኑ ነው» አለችኝ፣ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል።

ማሽን ያለማቋረጥ ነው የሚጮኸው። ይሄኛው ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አባቴ አናጢ ነው። በሞረድና በመጋዝ ድምፅ ነው ያደግኩት። ሕፃን ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ «ይሄ ሞረድ ነው፣ ይሄ ብርጭቆ ወረቀት ነው» እያልኩ እገምት ነበር። እና እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ቀለበቴ ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ በሞረድ ስትፋቅ እየሰማሁ፣ ሻዬ ላይ ስኳር ጨመርኩ። እስቲ እኔን ምን ትሉኛላችሁ?

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ልጁ ይዟት ወጣ። መስታወት ሆናለች። ነጭ፣ ጭረት የሚባል የሌለባት። «ውስጧንም በነፃ ጠርገንልሻል» አለኝ ፈገግ ብሎ። አመሰገንኩት። 100 ብር ጉርሻም ሰጠሁት! ሞርዶ ላጎደለልኝ ልጅ ጉርሻ!

እሑድ ከገብርኤል ስመለስ አልማዟ ወደ መዳፌ ዞራ አየኋት። መለስኳት። እንደገና ዞረች። በፊት በሳሙና ካልሆነ የማትወልቅ ቀለበት በራሷ ጣቴ ላይ ትሽከረከራለች። ሆዴ ፈራ። አውልቄ ውስጧን በስልኬ መብራት ባየው «ፒቲ 9» ይላል። አምስቷም ዜሮዋም የሉም። ከዘጠኟ በኋላ ልሙጥ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጓደኛዬ አቶቴ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት አንጥረኛ ወሰደችኝ። ጋሼ ገና በመነጽር እንዳዩዋት ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። መጀመሪያ ሚዛኑን ወደ እኔ አዞሩት፣ ከዚያ ነው ቀለበቷን ያስቀመጧት። 5.07። ከ5.92 ቀንሱት። 0.85 ግራም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ፕላቲኒየም ሲጫር እንደ ወርቅ ብዙ አይጎድልም፣ ይገፋል። ባጃጅ ጭቃ ላይ ሲሄድ አይተሻል? መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ጭቃው ግን የትም አልሄደም፣ ዳር ዳሩን አብጦ ቁጭ ብሏል። ሥራው ያበጠውን በልሙጥ ብረት እያሹ መልሶ ማስተኛት ነው። ከዚያ በደቃቅ ፖሊሽ መጥረግ። ጊዜ ይፈልጋል። እነዚህ ግን እስከ ጭረቱ ግርጌ ድረስ ሙሉውን ፍቀው አወረዱት።»

ጥፍሯንም አሳዩኝ። በመነጽሩ ስር እግሯ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ቢጫ መስመር አለች። በወርቅ መበየጃ ነው የያዟት። ወርቅ 1,064 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ፕላቲኒየም 1,768 ይፈልጋል። የወርቅ ቤት እሳት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በሚቀልጥላቸው አጣበቋት። ቢጫው እንዳይታይ ደግሞ ነጭ ወርቅ የሚነከርበት ሮዲየም የሚባል ነጭ ቅብ ውስጥ ነከሯት። ያ ያየሁት መስታወት እሱ ነው ለካ። ፕላቲኒየም በራሱ ነጭ ነው፣ መቀባት የሚባል ነገር አያስፈልገውም። «እኔም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የለኝም፣ ስለዚህ አልነካትም» አሉኝ ጋሼ። ሳንቲም አልተቀበሉኝም። የማያውቀውን «አላውቅም» የሚል ባለሙያ ሳይ ሆዴ ባባ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወርቅ ቤቱ። በዚህ ጊዜ ውሃ ይምጣልሽ የሚል የለም።

«ግራሟ ጎድሏል» አልኩ። ባለቤቱ ሚዛኑን ወደ ራሱ አዙሮ አስቀመጣት። አየ። ለእኔ አላሳየኝም። «ስትሰጪን ስንት ነበር?» 5.92። «የት ተጽፏል?» የዱባዩን ወረቀት ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። «ይሄ የዱባይ ሚዛን ነው። እኛ የምናውቀው የእኛን ደረሰኝ ነው። እስቲ አውጪው።»

አወጣሁት። በገዛ እጄ ዘርግቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈና ለሕፃን እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብሎ አነበበልኝ።

«አንድ። ነጭ። ቀለበት። ነጭ ቀለበት ሰጠሽን፣ ነጭ ቀለበት ወሰድሽ።»

ልጅቷ ከስልኳ ቀና አለች። አሁን ነው ቀና ያለችው! አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«ማኅተሙስ?» አልኩ። ድምፄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «እውነተኛ ፕላቲኒየም ቢሆንማ እንዲህ በቀላሉ ይጠፋል እንዴ? እኔ እንጃ፣ የሰጠሽን ልጅ ጠይቂው» አለኝ። ከሁለት ቀን በፊት «ፒቲ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ፣ ዋናው ነው» ብሎ በአፉ ያነበበልኝ ሰውዬ! ግራሜን ወሰደ፣ ያ አልበቃው ብሎ እጮኛዬን አሳማብኝ።

«ዱቄቱስ የት ገባ?» አልኩት። «የምን ዱቄት?» አለኝና ቀጣዩን ደንበኛ «ግቢ የኔ እናት» አላት። አንዲት ልጅ ሐብል ይዛ ገብታ ቆማለች። አንድ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ፣ እንባዬ ቀደመኝና ወጣሁ። እስከ አሁን እሷም ትቆጨኛለች።

እናንተ ወርቅም ይሁን ፕላቲኒየም ስትሰጡ በዓይናችሁ ፊት አስመዝኑ፣ ግራሙና የብረቱ ስም ደረሰኝ ላይ ይጻፍ፣ ማኅተሙን በስልክ ፎቶ አንሱት። ፕላቲኒየም ከሆነ ጭረቱን በምን እንደሚያጠፉት ጠይቁ። ሞረድ ካሉ ውሰዱና ውጡ። እና ሻያቸውን አትጠጡ።

እጮኛዬ ገና አያውቅም። ማታ ደውሎ «ቀለበቷ አማረች?» ሲለኝ «አበራች» አልኩት፣ ውሸትም አይደለም። እሑድ እናቱ ቡና ልትጠጣ እኛ ቤት ትመጣለች። ቀለበቷ እንዳትወድቅብኝ ከስሯ ነጭ ክር ጠምጥሜባታለሁ።