አሮጌውን 070 ቼንሶ ጠግኜ 14 ወር ሠራሁበት

ጠዋት እንጅባራ ላይ ጉሙ ሳይገፈፍ ይህን የሞተር መጋዝ ካስነሳሁት ሰፈርተኛው ማን እንደሆነ ይገባዋል። አዲሶቹ ቼንሶዎች ይጮሃሉ። ይሄኛው ያጓራል። የጎረቤት ላም እስክትለምደው ድረስ ሁለት ወር ፈጅቶባታል።

ስቲል 070 ነው፣ የጀርመን ሥራ። ይህ ሞዴል የወጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 ነው። አንድ ሲሊንደር፣ 106 ሲሲ። ከአንዳንድ ሞተር ሳይክል ሞተር ይበልጣል ማለት ነው። ሰንሰለቱና ሰንሰለቱ የሚዞርበት መሪ ብረት ሳይገጠምለት እንኳ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለቅርንጫፍ መመልመያ የሚሆን ነገር አይደለም። የወፍራም ግንድ ማሽን ነው።

የሸጡልኝ አባት ድሮ ጣውላ ያሰነጥቁ ነበር። ማሽኑ በጆንያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ስንት ዓመት ተኝቷል። «ልጄ፣ ተነስቶ እሺ ካለህ ዕድልህ ነው፤ እንቢ ካለህ እኔን እንዳትራገም» አሉኝ። 9,000 ብር ሰጠኋቸው። ለመለዋወጫና ለሰንሰለት ደግሞ 11,000 ገደማ ወጣብኝ። አሮጌ ዕቃ ርካሽ ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ይህን ሒሳብ ነው የማሳየው። በዚያ ላይ የእኔ ቅዳሜና እሑድ አልተቆጠረም።

ስፈታው መጀመሪያ ያገኘሁት የአይጥ ጎጆ ነው። የአየር ማራገቢያው ሽፋን ሥር ገለባ ሞልታበታለች። እሱን ጠርጌ ካንዴላውን አውጥቼ ገመዱን ስስብ ብልጭታ የለም። በእኔ ማሽን ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ ሳይሆን የድሮው ፑንቲና፣ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታ የሚያስነሳው መገናኛ ነው፤ እሱም ማግኔቱን ከተሸከመው ተሽከርካሪ ብረት ሥር ነው የተደበቀው። ከእኔ በፊት የፈታው ሰው በመዶሻ ሞክሮ ሁለት ክንፉን ሰብሮለታል። እኔ ብየዳ ቤት ሄጄ ወፍራም ላሜራ ላይ ሦስት ቀዳዳ አስበስቼ መንቀያ አሠራሁ። በሁለት ደቂቃ ተነቀለ። መዶሻ ያነሳ ሁሉ ይህን ቢያይ ጥሩ ነበር።

ፑንቲናው ነጭ ሆኗል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሸሁት፣ ከዚያ ቤንዚን በነካ ካርቶን ጠረግሁት። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። መለኪያ የለኝም። የጺም ምላጭ ግን አለ፤ አንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። አራቱን ደራርቤ መሃሉ አስገባሁና ብሎኑን አጠበቅሁ። ጣቴንም ቆረጠኝ። ካንዴላውን ሲሊንደሩ ብረት ላይ አስደግፌ ስስበው ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። ማንም አላየኝም እንጂ ጨፍሬያለሁ።

ካርቡሬተሩ ቲሎትሰን ኤችኤል ነው። እንደ መኪናው ተንሳፋፊ የለውም። ቼንሶ ተጋድሞም ተገልብጦም ስለሚሠራ ተንሳፋፊ አያዋጣውም። በእሱ ፋንታ ቤንዚኑን የሚስብና የሚመጥን ስስ ሽፋን አለው። ያ ሽፋን ለስላሳ መሆን ነበረበት። የእኔው በጣቴ ስጫነው እንደ ድርቆሽ ተንኮሻኮሸ። ቤንዚን ውስጡ እየደረቀ ሲቀመጥ እንዲህ ነው የሚሆነው። መቀየሪያው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ መጣልኝ። ቻይናዎቹ 070ን አመሳስለው ስለሚሠሩት መለዋወጫው እንደሚፈራው አይጠፋም።

ያስለቀሰኝ ፓራኦሊዮው፣ የአክስሉን ዙሪያ የሚዘጋው ጎማ ነው። ማሽኑ ተነሳ፣ ግን ጋዝ ሳልሰጠው ብቻውን ይጮሃል፤ ስለቀውም ቶሎ አይመለስም። ሦስት ቀን ሙሉ ካርቡሬተሩን ወቀስኩት። የሆነ ቀን ማሽኑን አጥፍቼ በማግኔቱ በኩል ያለውን ፓራኦሊዮ ዙሪያውን ወፍራም ግራሶ ቀባሁት። ገጥሜ ሳስነሳው ድምፁ ረጋ። አየር የሚያስገባው እሱ ነበር። አየር ሲበዛበት ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይት ያንሰዋል፤ ትንሽ ከቆየ ፒስተኑ ይነክሳል። አንድ ሱቅ «ኦሪጅናል» ብሎ የሸጠልኝ በሦስት ሳምንት እንደ ማስቲካ ለሰለሰ። ቀጥሎ ብልጥ ሆንኩ። ስም አልጠየቅሁም። የአክስሉን፣ የቤቱንና የውፍረቱን ልክ በካሊብሮ ለክቼ ባሕር ዳር ኩሽኔታ ከሚሸጡት ዘንድ በቁጥር ገዛሁ። አንድ ዓመት አልፎት ጠብ አላለም።

እንግዲህ አጠቃቀሙ። በ14 ወር ውስጥ የሰነጠቅሁት በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ እንደ ቅቤ ነው፤ ከደረቀ ድንጋይ ነው። በተቆረጠ በሳምንቱ ካልሰነጠቅሁት ሰንሰለቱን በቀን ሦስቴ እሞርዳለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነው 070 የሚያስደስተው። ፍጥነት የለውም፤ ጉልበት አለው። መሪ ብረቱ ግንዱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀብሮ እንኳ ትንፋሹ አይቆረጥም። አጣናና ማገር ለመቁረጥ ከሆነ ግን የጓደኛዬ ትንሽ ማሽን አምስት ዛፍ ጥሎ እኔ ሁለተኛው ላይ ነኝ። ወገቤም ይመሰክራል።

ቤንዚን ሌላ ጣጣ ነው። ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን እገዛለሁ። ገዝቼ በቀጥታ አልሞላም። ጠርሙሱን ለአንድ ሰዓት አቁሜው ሥሩን አየዋለሁ። ውሃ ካለበት ከታች ይተኛል፤ ከላይ ያለውን ብቻ እቀዳለሁ። ዘይቱን 1 ለ25 ነው የምቀላቅለው፣ ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር። የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሁለት ጊዜ። በደህና የሁለት ምት ዘይት 1 ለ50 ይበቃል ይባላል፤ እዚህ ግን የምገዛውን ዘይት ስለማላምነው ጭሱን እመርጣለሁ። ለሰንሰለቱ ሁሉም ሰው የተቃጠለ ዘይት ነው የሚጨምረው። እኔም እጨምር ነበር። ፓምፑን ስፈታ ያገኘሁትን ጥቁር የብረት ዱቄት ካየሁ ወዲህ ትቻለሁ።

ሰንሰለቱ 0.404 የሚባለው ትልቁ ነው። ክብ ሞረዱ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ ጥርስ ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ። አንዱን ወገን አብዝቼ ስሞርድ መጋዙ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ጣውላውም ጠማማ ይሆናል። ስለቱን የማየው ከሚወጣው ነው። ፍቅፋቂ ሲበተን ደህና ነው። ዱቄት ከወጣ ማሽኑን አጠፋለሁ።

አሁን የማልወደው። የእኔው የሰንሰለት ፍሬን የለውም። ፍሬን የተለመደው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ነው፤ ይህ ከዚያ በፊት የተነደፈ ነው። የመሪ ብረቱ ጫፍ በላይኛው በኩል እንጨት ከነካ ማሽኑን ወደ ፊትህ ይወረውረዋል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ከባርኔጣዬ ጫፍ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጫፉ አልቆርጥም፣ ብቻዬንም ጫካ አልገባም። ንዝረቱም ቀላል አይደለም። አንድ ታንከር ቤንዚን ሲያልቅ ጣቶቼ ስኒ መያዝ ያቅታቸዋል። ስለዚህ በየታንከሩ አርፋለሁ። የጆሮ መከላከያ የሌለው ሰው ደግሞ ባይነካው ይሻላል።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ፦ ጣውላ የምትሰነጥቅ ከሆነና ካቻቢቴ መያዝ ደስ የሚልህ ከሆነ ግዛ። ማሽኑ ተነስቶ ሥራ እንዲሠራልህ ብቻ ከፈለግህ አዲስ ግዛ። ይህ ማሽን በወር አንድ እሑድ ይወስድብሃል።

ባለፈው የሸጡልኝ አባት ሊጠይቁኝ መጡ። እኔ ያን ሰሞን ካርቡሬተሩን ሳስተካክል ከርሜያለሁ። እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ቤንዚኑንም መቀነስ አለብህ። ሁለቱንም የቤንዚን መመጠኛ ብሎኖች እስኪቆሙ ዘግቼ አንድ አንድ ዙር ከፍቼ፣ ከዚያ የከፍተኛውን ፍጥነት ብሎን እየዘጋሁ ነው የመጣሁት። አስነሳሁላቸው። ጋዙን ሙሉ ሰጠሁት። እሳቸው ራሳቸውን አዘንብለው ሰሙ።

«ቤንዚኑን አፍነህበታል» አሉ። «ባዶውን ሲሮጥ ትንሽ መንተባተብ አለበት። እንጨት ሲገባ ነው አፉ የሚፈታው። እንዲህ ጥርት ብሎ ከጮኸ ይቃጠላል።»

ካቻቢቴውን ሰጠኋቸው። ያዞሩት ሩብ ዙር እንኳ አይሞላም። ባዶውን ተንተባተበ። ግንዱ ላይ ሳሳርፈው ጠራ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ብሎን አልነካኋትም።