ቢሾፍቱ ጓሮ ላላችሁ ሁሉ፦ የዳክዬ ፍግ የሚሸጠውን ልጅ ላመሰግንላችሁ

ቢሾፍቱና አካባቢዋ ጎመንና ሰላጣ የምታለሙ ይህን አንብቡልኝ። ሰፈራችን ውስጥ ዳክዬ የሚያረባ አንድ ወጣት አለ። ከዳክዬዎቹ ማደሪያ የሚወጣውን ጉዝጓዝ አብስሎ በጆንያ ይሸጣል። ከፈለጋችሁ መደብም ያዘጋጅላችኋል። በአደባባይ ላመሰግነው የፈለግኩት ከሁሉ በፊት ስለ ታማኝነቱ ነው።

ልገዛ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄው «እትዬ፣ ምን ሊተክሉበት ነው?» የሚል ነበር። ሰላጣና ካሮት አልኩት። «እንግዲያው ትኩሱን አልሸጥልዎትም፤ የበሰለውን ይውሰዱ» አለኝ። ትኩሱ እዚያው ተከምሯል፤ ዝም ብሎ ጭኖልኝ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበር። እሱ ግን ምክንያቱን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የወፍ ኩስ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ሊኖሩበት ይችላል። ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበላው። ያልበሰለ ፍግ የገባበት መደብ ላይ አፈር የሚነካ አትክልት ለመሰብሰብ ቢያንስ አራት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል አለኝ። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብም የሚለው 120 ቀን ነው፤ የሚበላው ክፍላቸው አፈር ለማይነካ ደግሞ 90 ቀን።

ጉዝጓዙ የአድአ ጤፍ ጭድ ነው። ዳክዬ ውሃ ይረጫል፣ ኩሱም እርጥብ ነው፤ ጭዱ ያንን ሁሉ ይጠጣል። የዳክዬ ኩስ ከዶሮ ኩስ ለዘብ ይላል። ትኩስ የዶሮ ኩስ የጎረቤቴን ጎመን እንዴት እንዳቃጠለው አይቻለሁ፣ አንጀት ይበላል። ልጁ ክምሩ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ይጠብቃል። ከዚያ የውጪው ወደ ውስጥ እንዲገባ ደጋግሞ ይገላብጠዋል። አሞኒያ ከሸተተው ጭድ ይጨምርበታል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ንጥረ ነገሩ ታጥቦ እንዳይሄድ ሸራ ያለብሰዋል። ሰጋቱራ ያለበትን ለብቻው ነው የሚያቆየው። ሰጋቱራ ሳይበሰብስ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል፤ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ሳያየው ነው። የሥራ ፍቅር ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ያመጣልኝ ፍግ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የአፈር ሽታ ያለው ነው። በጋሪ አስጭኖ መጣ፣ መደቡን ቆፈረ፣ ከአፈሩ ጋር ቀላቀለው። ንጹህ ጭድ ደግሞ ቲማቲሙ ሥር አለበሰልኝ። አሁን አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፤ ውሃ ማጠጣቱ ቀሎልኛል። ቆስጣው ደግሞ ከቤት ተርፎ ለጎረቤት እየሄደ ነው። ዩሪያ አልገዛሁም።

ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ዳክዬዎቹ ግን ብዙ ስላልሆኑ ተራ መጠበቅ አለ። ሲያልቅበትም ያልበሰለውን ቀላቅሎ አይሸጥም፤ «የለኝም» ይላችኋል። እኔ ይህንን ወድጄለታለሁ።

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ ዳክዬዎችህም ይብዙልህ።

ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፤ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ። ስትደውሉለት የምትተክሉትንና የምትተክሉበትን ጊዜ አስቀድማችሁ ንገሩት። ባዶ ጆንያዎቹንም መልሱለት፣ እየገዛ ነው።