ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ የማይነቀል ሶኬት ለሠራልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ከእናቴ ጋር የምኖርበት ቤት ቃሊቲ አካባቢ የሚገኝ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ በብሎኬት ያሠራው ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ የተተከሉት ሶኬቶች እየላሉ፣ እየተነቀሉና እየተቃጠሉ ለዓመታት እንቅልፍ ነሥተውን ቆይተዋል። ዛሬ ያ ጭንቀት ከላያችን ስለወረደ፣ ላወረደልን ወጣት ኤሌክትሪሺያን በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብና በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ላላችሁ ሁሉ እርሱን መጠቆም ዕዳዬ እንደሆነ አምኜ ይህን ጽፌያለሁ። ስሙን ያልጠቀስኩት እርሱ ራሱ በአደባባይ እንዳልጽፈው ስለ ለመነኝ ነው።

ሠፈራችን መረሬ አፈር መሆኑን ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በላዩ ያረፈው ቤትም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። የእኛም ቤት ከኩሽናው መስኮት ጥግ ጀምሮ ወደ ታች በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ አለው። ስንጥቁ የሚያልፈው የእንጀራ ምጣዱ በሚሰካበት ሶኬት በኩል ነበር። በሳሎኑና በእናቴ መኝታ ቤትም ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ፤ ሁሉም በሚገርም ሁኔታ ሶኬት ወዳለበት ያመራሉ። ይህ የአጋጣሚ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ግን ግድግዳው ሶኬት ለመቅበር በተቦረቦረበት ቦታ ስለሚሳሳ ስንጥቁ ያንን መንገድ እንደሚመርጥ ተረድቻለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እናቴ ለጽዮን ማርያም በዓል እንጀራ ስትጋግር የጎማ ቃጠሎ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከጓዳ ሮጬ ስደርስ የሶኬቱ ሽፋን ቀልጦ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳው ጠቁሯል፣ እናቴ ደግሞ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ጠቅልላ ሶኬቱን ልትነቅል እየሞከረች ነበር። ያቺን ቅጽበት ሳስባት እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል። ቆጣሪው ዘንድ ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። እናቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ምጣዱ መቅረብ ፈራች። ዕድሜዋን ሙሉ ጋግራ ቤተሰብ ያበላች፣ ለጎረቤት ድግስ ሁሉ ቀድማ የምትጠራ ሴት እንጀራ ከሱቅ ስታስገዛ ማየት ለእኔ ከተቃጠለው ሶኬት በላይ የሚያም ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ባለሙያ ነን ባዮች ቤታችን ገብተዋል። የማንንም ስም አላነሣም፤ የደረሰብንን ግን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ሌላ ቤተሰብ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። የመጀመሪያው ሶኬቱን በአዲስ ቀየረና ብሬከሩ እንዳያስቸግራችሁ ብሎ የ16 አምፔሩን አንሥቶ የ32 አምፔር ገጠመልን፤ እኛም የማናውቅ ሰዎች አመስግነን ሸኘነው። ብሬከሩ መውረዱን ሲያቆም ችግሩ የተፈታ መሰለን እንጂ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ያለ ጠባቂ ሲግል እንደከረመ ያወቅነው በጣም ዘግይተን ነው። ሁለተኛው ስንጥቁንም የሶኬቱን ዙሪያም በጄሶ ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ፤ የካቲት ሳይጋመስ ጄሶው ተፈረካክሶ ሶኬቱ ከነሳጥኑ በእጅ የሚወጣ ሆነ። ስደውልለት መጀመሪያ ነገ፣ ቀጥሎ ከነገ ወዲያ እያለ ቆይቶ በመጨረሻ ስልኬን ማንሣት አቆመ። ሦስተኛው ግድግዳውን አየት አድርጎ ይህ ቤት መፍረስ አለበት እንጂ በሶኬት የሚድን አይደለም ብሎ በእናቴ ፊት ተናገረና፣ ለመጣበት ብቻ ተከፍሎት ሄደ። አባቴ ጡረታውን አፍስሶ የሠራውን ቤት በዚያ አኳኋን ሲጠራባት እናቴ ምንም ሳትመልስ ወደ ጓዳ ገባች፤ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ወደ ተመሰገነው ወንድማችን ልምጣ። ያገኘሁት በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ሲሆን የመጣው በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ በቀጥታ ወደ ኩሽናው ልወስደው ስል እርሱ ግን የመሣሪያ ቦርሳውን በረንዳ ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ ቤቱን በውጭ ልዙረው አለኝ። ዞረ፤ መሬቱን አየ፤ የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን ከግድግዳው ሥር የሚያፈስበት ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ አፈሩን በእጁ ነካ። ከዚያ ገብቶ እናቴ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠና እንዲህ ሲል ጠየቃት፦ «እማማ፣ ይህ ስንጥቅ የሚሰፋው በየትኛው ወር ነው? የሚገጥመውስ?»

ከሦስቱ ሰዎች አንዳቸውም ይህን ጠይቀው አያውቁም፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ልጇም ጠይቄ አላውቅም። እናቴ ለካስ ሁሉንም ታውቃለች። ከጥምቀት በኋላ እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ሚያዝያ ላይ ጣት እንደሚያስገባ፣ ሐምሌ ሲጋመስ መልሶ እንደሚገጥም፣ መስከረም ላይ ደግሞ የኩሽናው በር አልዘጋ እንደሚል አንድ በአንድ ነገረችው። እርሱም አንገቱን እየነቀነቀ፣ በትንሽ ደብተር እየጻፈ አዳመጣት። ሲጨርስ «እማማ፣ ቤትዎ አልታመመም፤ መሬቱ ስለሚተነፍስ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኛ ግድግዳውን ማስቆም አንችልም፤ ሶኬቱ አብሮት እንዳይጎተት ማድረግ ግን እንችላለን» አላት። እናቴ ወዲያው ተነሥታ ቡና ልታቀራርብ ስትሄድ ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ፣ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ እንኳ ሊረሳኝ የማይችል ነው። ቤቷን አላፈረሰባትም፤ ሳያቃልላትና ሳያስፈራራት፣ በሚገባት ቋንቋ፣ እርሷ የምታውቀውን ነገር የሥራው መነሻ አደረገላት።

የሠራውን በቴክኒክ ቋንቋ ልገልጸው አልችልም፤ ያየሁትንና እርሱ ያስረዳኝን ያህል ግን ልናገር። የቀድሞዎቹ ሳጥኖች ግማሽ ጎናቸው በአንዱ ብሎኬት፣ ግማሹ ደግሞ ከስንጥቁ ወዲያ ባለው ብሎኬት ላይ በጄሶ ተለጥፈው ነበር። ሁለቱ ብሎኬቶች ሲራራቁ ሳጥኑ መሀል ገብቶ ይጎተታል፤ ሽቦውም ተወጥሮ ስለተቀበረ ከማሰሪያው ላይ እየላላ ይመጣል። እንደ ምጣድ ያለ ብዙ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ሲሰካበት የላላው ቦታ ይግላል፤ ያ ግለት ነው በኋላ እሳት የሚሆነው። ስለዚህ እርሱ ከላሜራ የተሠሩ፣ ከቀድሞዎቹ ጠለቅ ያሉ ሳጥኖች በልኩ አሠርቶ አመጣ። እያንዳንዱን ሳጥን ከስንጥቁ በአንድ ወገን ባለ አንድ ጤነኛ ብሎኬት ላይ ብቻ በፊሸርና በብሎን፣ ከጎማ ሮንዴላ ጋር አሰረው። በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ሆን ብሎ ክፍተት ተወና በጄሶ ፋንታ በሚለጠጥ ሲሊኮን ሞላው። ሽቦው ስንጥቁን በሚሻገርበት ቦታ ደረቁን ቱቦ ቆርጦ በሚተጣጠፍ ቱቦ ተካው፤ በየሳጥኑ ውስጥም አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ ሽቦ አጥፎ አስቀመጠ። ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ሰው እንዳይይዝ ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ ከሌሎቹ ሁለት ሽቦዎች አስረዝሞ ሲያስር ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ምናልባት ሁሉም ተጎትቶ የሚነቀልበት ቀን ቢመጣ ጠባቂው መጨረሻ ላይ ይነቀል ብዬ ነው» አለኝ። ለምጣዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መስመር ከነተመጣጣኝ ብሬከሩ ዘረጋለት፤ ያንን የ32 አምፔር ብሬከርም አውልቆ የሌሎቹን ሶኬቶች መስመር ወደ 16 መለሰው።

ሲጨርስ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ሁለት ምልክት አደረገና መካከላቸውን ለክቶ ቀኑንና ልኩን አጠገቡ ጻፈ። ግድግዳውን ያበላሸብን መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በወሩ በሠፈራችን ሲያልፍ ጎራ ብሎ ለካው፤ በቀጣዩም ወር እንዲሁ። ሚያዝያ ላይ ርቀቱ በ4 ሚሊ ሜትር ጨምሮ አገኘው፤ በዚያው ዕለት የሳሎኑ ሶኬት የፕላስቲክ ሽፋን ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ መሰንጠቁን አየን። ሌላው ቢሆን ኖሮ ልጆች መትተውት ይሆናል ይል ነበር። እርሱ ግን ሽፋኑን ፈትቶ፣ ሽቦዎቹ ቦታቸው ላይ መሆናቸውን ካሳየኝ በኋላ ስሕተቱ የእርሱ መሆኑን ነገረኝ፤ ሳጥኑ እንዲንቀሳቀስ ቦታ ሰጥቶት ሽፋኑን ግን ከግድግዳው ጋር አጥብቆ አስሮት ነበር። በሳምንቱ የብሎን ቀዳዳቸው ክብ ሳይሆን ሞላላ የሆነ፣ ጠርዛቸውም ክፍተቱን አልፎ የሚሸፍን ሰፋፊ ሽፋኖች አምጥቶ ሁሉንም ቀየራቸው። ሒሳብ ስጠይቀው ፈቃደኛ አልሆነም፤ ያልጨረስኩትን ሥራ ነው የጨረስኩት አለኝ። በአጠቃላይ የከፈልነው ቀደም ሲል ለሦስቱ ከከፈልነው ድምር ያነሰ መሆኑን ስናገር እንደማፍር አልደብቅም።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በሬክተር መለኪያ 5.8 ገደማ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲያወዛውዝ እኛም እንደ ብዙዎቻችሁ ከእንቅልፋችን ባነን ወደ ግቢ ወጣን። እናቴ በልጅነቷ፣ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ በዚያው አካባቢ ስለነበረች፣ መሬት ሲነቃነቅ ሌላው ሰው የማይሰማውን ትሰማለች። እስኪነጋ ገብታ መተኛት አልቻለችም። ጎሕ ሲቀድ ስልኬ ጠራ፤ ያ ወንድማችን ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሶኬቱ አልነበረም፤ «እማማ እንዴት አደሩ?» ነበር ያለኝ። ቀጥሎ እርሱ እስኪመጣ ዋናውን ብሬከር አውርደን እንድንቆይ ነገረን። ረፋዱ ላይ ደርሶ ሁሉንም ሽፋኖች አንድ በአንድ ፈትቶ በቴስተር ፈተሸ። ከመኝታ ቤቱ ጣሪያ ሥር አንድ አዲስ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር፤ ከሶኬቶቹ ግን አንድም የላላ፣ አንድም የተጎተተ ሽቦ አልነበረም። ያን ቀን የወሰደው ሁለት ስኒ ቡና ብቻ ነው። ለገና በዓል ሦስት ቀን ቀርቶ ነበርና እናቴ በዚያው ምጣድ የገና እንጀራዋን ጋገረች።

ይህን ባለሙያ አደራ ብዬ የምጠቁማችሁ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ስለሆነ አይደለም። የመሠረቱ ጉዳይ የመሐንዲስ ሥራ እንደሆነና በዚያ እርሱ እንደማይገባ በግልጽ ነግሮን፣ አሸንዳው ውኃውን ከቤቱ አርቆ እንዲያፈስ ብቻ መክሮናል፤ ያንንም አድርገነዋል። የምጠቁማችሁ የሚያውቀውን በጥንቃቄ ስለሚሠራ፣ ያልሆነለትን ሥራ በራሱ እግር ተመልሶ ስለሚያስተካክልና ሰው ስለሚያከብር ነው። በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በቦሌ ቡልቡላና በሌሎችም መረሬ አፈር ባለባቸው ሠፈሮች የምትኖሩ፣ ሶኬታችሁ የሚንቀጫቀጭ ወይም ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ እባካችሁ በጄሶ አታስደፍኑት፤ ብሬከር በትልቅ ቀይሩልኝም አትበሉ። እርሱን ጥሩት፤ እርሱን ካላገኛችሁ እንኳ የምትጠሩትን ሰው ሳጥኑ ስንጥቁ ላይ አርፎ እንደሆነና ትርፍ ሽቦ ተትቶለት እንደሆነ ጠይቁት።

ስልክ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ሁሉ እርሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ፤ በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ብትደውሉለት ይመርጣል። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እናቴ «ልጄ ለፋሲካ ሳይመጣ እንዳይቀር» ብላሃለች፤ የሚያዝያውንም ልክ በዚያው ትለካዋለህ።