ቤዝ ለመለማመድና ቤት ውስጥ ለመቅዳት፦ አምፕ፣ ፔዳል ወይስ ሳውንድ ካርድ?

ቤዝ ጊታሩን ገዝታችኋል። የሚቀጥለው ጥያቄ «ምን ላይ ልሰካው?» ነው። ሱቅ ብትጠይቁ አምፕሊፋየር ያሳዩዋችኋል። ጓደኛችሁን ብትጠይቁ ራሱ የገዛውን ያሞግሳል። የእኔ መለኪያ ሌላ ነው፦ ዕቃው የተጫወታችሁትን መልሶ ያሰማችኋል ወይ?

ቤዝ ላይ ይህ ነገር ወሳኝ ነው። እየተጫወታችሁት ቁጭ ያለ የሚመስል ግሩቭ፣ ማለትም ከምቱ ጋር የሚሄደው የቤዝ አካሄድ፣ ተቀድቶ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይንገዳገዳል። አንዱ ኖታ ከከበሮው ይቀድማል። ሌላው በጊዜ ሳይታፈን ቀርቶ የሚቀጥለው ላይ ይደረባል። ጣት ሥራ ላይ እያለ ጆሮ ይህን አይለይም። በኋላ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ነው የሚለየው።

ስለዚህ አራት ዓይነት ዕቃ ላወዳድር። ጊታሩ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ቮክስ አምፕላግ 2 ቤዝ አለ። ዙም ቢ1 ፎር የሚባለው ፔዳል፣ ማለትም ድምፁን የሚቀያይር በእግር የሚነካ ሳጥን፣ አለ። ፌንደር ራምብል 25 አምፕ አለ። ከኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገባውና ብዙዎቻችን ሳውንድ ካርድ ከምንለው፣ ቤሪንገር ዩኤም2ንና ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎን አነሳለሁ። ገበያው ላይ ሌላም ሞልቷል። እነዚህ ግን በየዓይነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ያገለገለም ይገኛል።

መጀመሪያ አምፑን እንገላገለው

ራምብል 25 በራሱ ጥሩ አምፕ ነው። 25 ዋት ነው፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር። የሄድፎን መሰኪያና ከስልክ ሙዚቃ ማስገቢያም አለው። ችግሩ ቤት ውስጥ የሚሰጠው ጥቅም ማነሱ ነው።

ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ የወፍራሙ የኢ ክር መሠረታዊ ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ድምፅ ተራ ግድግዳ አይመልሰውም። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይኛው ፎቅ የዘፋኙ ቃል አይለይም፣ ቤዙ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ አምፑን ገዝታችሁ መልሳችሁ በሄድፎን ልትሰሙት ነው። ከከበሮ መቺ ጋር ለመለማመድ ደግሞ 25 ዋት አይበቃም። ለቤት ትልቅ፣ ለባንድ ትንሽ። ለመቅዳትም ቢሆን ለሚክሰር የሚሆነው የኤክስኤልአር መውጫ የሚጀምረው ከራምብል 40 ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልምምዱም አብሮ ይጠፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ሊያመጣላችሁ ቃል ገብቶ ከሆነ መጀመሪያ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ አንብቦ ይንገራችሁ። የአሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ለ120 ብቻ የተሠራ አምፕ ያለ ትራንስፎርመር አዲስ አበባ ላይ ከተሰካ የመጀመሪያው ቀን የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ከታች የማነሳቸው ሌሎቹ በባትሪ ድንጋይ ወይም በዩኤስቢ ስለሚሠሩ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይፈጁም።

«ያለ አምፕ ቤዝ ይቀዳል እንዴ?» የሚል ካለ፣ ታዋቂው ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን ዲትሮይት በሚገኘው የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ ቤዙን የሚቀዳው በቀጥታ ወደ ሚክሰር ሰክቶ ነበር። ዛሬም ብዙ ስቱዲዮ እንዲሁ ያደርጋል።

አምፕላጉ

ስለ ቮክስ አምፕላግ 2 ብዙ የምለው የለኝም። ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ሁለት ትሪፕል ኤ ድንጋይ ይበላል፣ የጊታሩ መሰኪያ ላይ ይሰካል፣ ሄድፎን ይሰካበታል፣ አለቀ። ዘጠኝ የከበሮ ምት በውስጡ አለው። ከስልክ ዘፈን ማስገቢያም አለው። ሌሊት አልጋ ላይ ተቀምጦ ለመለማመድ የሚያህለው የለም። ግን አይቀዳም። ከመቅረጫ ጋር ካልተያያዘ የተጫወታችሁትን መልሶ አያሰማም። የመግዣ ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ እንደ ሁለተኛ ዕቃ ይያዝ።

ፔዳል ወይስ ሳውንድ ካርድ?

እውነተኛው ምርጫ እዚህ ነው።

ዙም ቢ1 ፎር ለቤዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። የተለያዩ አምፖችን ድምፅ ያስመስላል። ኮምፕረሰር፣ ማለትም ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ፣ እና ሌሎች ኢፌክቶች አሉት። ክሮቹን የሚያስተካክሉበት ቲዩነር አለው። 68 የከበሮ ምት አለው። እስከ 30 ሰከንድ የሚይዝ ሉፐርም አለው። በአራት ደብል ኤ ድንጋይ ይሠራል፤ አምራቹ እስከ 18 ሰዓት ይላል። ድንጋይ ካስመረራችሁ በዩኤስቢ፣ ማለትም በስልክ ፓወር ባንክ ጭምር፣ ማሠራት ትችላላችሁ።

ለእኔ የዚህ ፔዳል ዋጋ ያለው ሉፐሩ ላይ ነው። አራት ሜዠር ግሩቭ ትቀዳላችሁ፣ እየተደጋገመ ይጫወታል፣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትሰሙታላችሁ። ኮምፒውተር ማስነሳት የለም፣ ፕሮግራም መክፈት የለም። ሠላሳ ሰከንድ አጭር ይመስላል። ግሩቭ ለመመርመር ግን በቂ ነው፤ ሁለት ሜዠር ላይ ያልተስተካከለ ነገር ሃምሳ ሜዠር ላይም አይስተካከልም።

ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ፔዳሉ የዩኤስቢ ቀዳዳ ስላለው ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚቀዳ ይመስላቸዋል። አይቀዳም። ቀዳዳው ለኃይል፣ የውስጥ ሶፍትዌሩን ለማደስና ኢፌክቶቹን ከኮምፒውተር ለማስተዳደር ነው። ሉፕ ያደረጋችሁት ነገር እንደ ፋይል አይወጣም። ዘፈን ሠርታችሁ ለሰው መላክ ከፈለጋችሁ ይህ ፔዳል ብቻውን አያደርስም።

ሌላው ጉዳይ የእኛው ነው። ከ68ቱ ምቶች አብዛኞቹ በ4/4 የሚሄዱ ሮክ፣ ፈንክ፣ ብሉዝና የመሳሰሉት ናቸው። ቺክቺካ ግን 6/8 ነው። ከበሮው ስድስቱን ለሦስት ለሦስት ሲከፍለው ቤዙ አንዳንዴ ለሁለት ለሁለት ይከፍለዋል። ጨዋታው ያለው እዚያ መሳሳብ ውስጥ ነው። ይህን በሮክ ምት መለማመድ አይቻልም። መውጫው ግን ቀላል ነው። ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ የሀገርኛ ስታይል የተጫነበት ኪቦርድ ሳይኖረው አይቀርም። የቺክቺካውን፣ የወሎውን፣ የጉራጌውን ምት እያንዳንዱን አሥር አሥር ደቂቃ ያለ ዜማ ይቅዳላችሁ። ስልክ ላይ ጭናችሁ በፔዳሉ ማስገቢያ ታጫውቱታላችሁ። አምፕላጉም ላይ ይሠራል።

ሳውንድ ካርድ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በራሱ ምንም አያደርግም፤ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ኮምፒውተር ካለ ግን የማይሠራው የለም። ሪፐር የሚባለውን የመቅጃ ፕሮግራም አውርዳችሁ ለ60 ቀን በነፃ ትሞክሩታላችሁ፤ ለግል ሥራ የሚሆነው ፈቃድ 60 ዶላር ነው። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ዳታ አይጨርስም። ማክ ያለው ሰው ጋራጅባንድን በነፃ ያገኛል። ኦዳሲቲም ነፃ ነው፤ ለቀላል ቀረጻ ይበቃል። ምቱን 6/8 አድርጋችሁ ቺክቺካውን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ፤ ማፍጠን፣ ማዘግየት፣ መሐል ላይ መስበር የእናንተ ነው።

የድሮ ዘፈን ቤዝ ለማውጣትም ከዚህ የተሻለ የለም። የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በስልክ ስፒከር ለማውጣት የሞከረ ሰው ልፋቱን ያውቃል፤ ስፒከሩ እነዚያን ድምፆች አያወጣቸውም፣ የካሴቱ ቅጂም ብዙ ጊዜ የደበዘዘ ነው። ሪፐር ላይ ዘፈኑን የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ሳይቀየር ማዘግየት ይቻላል። ግራ ሲገባችሁ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ አንሡት፤ ቤዙ ጊታር ወደሚጮህበት ቦታ ይመጣና ኖታው ይለያል።

ዩኤም2 ወይስ ስካርሌት ሶሎ?

ሁለቱም አንድ ማይክና አንድ ጊታር በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ። ሁለቱም ኃይል የሚያገኙት ከዩኤስቢ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ ቻርጅ እስካለው ድረስ መብራት ቢጠፋም ይቀዳል። የዋጋው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ በአንድ ሶሎ ዋጋ ሁለት ዩኤም2 ገዝቶ ሊተርፋችሁ ይችላል።

ወረቀት ላይ የሚጎላው ልዩነት ዩኤም2 ባለ 16 ቢትና እስከ 48 ኪሎኸርዝ ሲሆን ሶሎ ባለ 24 ቢትና እስከ 192 ኪሎኸርዝ መሆኑ ነው። 192ቱን እርሱት፤ ለቤዝ 48 ከበቂ በላይ ነው። 24 ቢቱ ግን ይጠቅማል። መግቢያውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጫፉ ከ-12 ዴሲቤል በታች እንዲቆም አድርጋችሁ ትቀዳላችሁ፤ በኋላ ከፍ ስታደርጉት የዕቃው ሹክሹክታ ያን ያህል አብሮ አይነሳም። ቤዝ በጣት ጫፍ ሲነካና በአውራ ጣት ሲመታ ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ይህ ነፃነት ያስፈልጋል።

ከቢቱ በላይ የሚያሳስበኝ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሶሎ አሲዮ የሚባለው፣ መዘግየትን የሚቀንስ የራሱ ድራይቨር አለው። ዩኤም2 ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀመው አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን አጠቃላይ ድራይቨር ነው። ይህ ለምን ያስጨንቃል? ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ እስኪወጣ ይዘገያል። በ48 ኪሎኸርዝ ቡፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያጠራቅመው የድምፅ ናሙና፣ 512 ከሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 10.7 ሚሊሰከንድ ነው። 128 ላይ 2.7 ይሆናል። ይህን መዘግየት ሁለቱም ካርዶች ላይ ባለው ዳይሬክት ሞኒተር መሸሽ ይቻላል፤ ቤዙን ኮምፒውተር ውስጥ ሳይገባ ትሰሙታላችሁ።

የከፋው የማይሰማው ነው። ድራይቨሩ የመዘግየቱን ልክ በትክክል ካልተናገረ ፕሮግራሙ የቀዳውን ቤዝ በትክክለኛው ቦታ አያስቀምጠውም። መልሳችሁ ስትሰሙ ከከበሮው ኋላ የቀራችሁ ይመስላችኋል፤ የቀረው ግን ማሽኑ ነው። ሰው ያለ ጥፋቱ ጣቱን ሲወቅስ ይኖራል። ዩኤም2 ከገዛችሁ በመጀመሪያው ቀን ይህን አድርጉ፦ ዳይሬክት ሞኒተሩን አጥፉ፣ የካርዱን መውጫ በኬብል ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኙ፣ የሜትሮኖም ድምፅ እያጫወታችሁ መልሳችሁ ቅዱት። የተቀዳው ከዋናው ምን ያህል እንደራቀ ታያላችሁ። ሪፐር ልዩነቱን የሚያርም ቦታ አለው፤ አንዴ ሞልታችሁት ትገላገላላችሁ። ማክ ላይ ግን ዩኤም2 ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል።

ኮምፒውተር የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ የሚል አለ። ካርዱን ኦቲጂ በሚባለው የዩኤስቢ ማገናኛ አንድሮይድ ላይ መሰካት ይቻላል። ባንድላብን የመሰለ ነፃ መተግበሪያም አለ። ነገር ግን የስልኩ ኃይል ካርዱን ላይሸከመው ይችላል፤ የአንድሮይድ መዘግየትም ከስልክ ስልክ ይለያያል። ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

እኔ ብሆን

ላፕቶፕ ያለው ሰው ሳውንድ ካርድ ይግዛ። ማክ ከሆነ ወይም ኪሱ ከተጨናነቀ ዩኤም2፤ ዊንዶውስ ሆኖ ገንዘቡ ካለ ሶሎ። ላፕቶፕ የሌለው፣ ወይም ያለው ግን ከሥራ መልስ ኮምፒውተር ማየት የሰለቸው፣ ቢ1 ፎርን ይውሰድ። ይህን ሁለተኛውን ሰው አትናቁት፤ በሦስት ሰከንድ የሚበራ ዕቃ ያለው ሰው ብዙ ይለማመዳል። ገንዘቡ ትንሽ ከተዘረጋ የምወደው ጥምረት ቢ1 ፎርና ዩኤም2 ነው። ማታ በፔዳሉ ትለማመዳላችሁ፣ ለመቅዳት ስትፈልጉ የፔዳሉን መውጫ ካርዱ ላይ ትሰካላችሁ። አምፕ ባንድ ስትገቡ ይደርሳል።

ከየትኛውም ጋር ጆሮ የሚሸፍን ባለ ገመድ ሄድፎን ያዙ። ብሉቱዝ አይሆንም፤ ክሩን ከነካችሁ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው።

ያገለገለ ስትገዙ ቤዛችሁንና ሄድፎናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ክር ሳትነኩ ድምፁን ከፍ አድርጉና ሹክሹክታውን ስሙ። መቆጣጠሪያዎቹን ሁሉ አዙሩ፤ ቢንኮሻኮሽ ዋጋ አስቀንሱ። መሰኪያውን ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ትታችሁ ውጡ። ካርድ ከሆነ የላፕቶፑን ቻርጀር ሰክታችሁም ነቅላችሁም ስሙት። ሲሰካ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ችግሩ ከካርዱ ላይሆን ይችላል፤ ስትቀዱ ቻርጀሩን መንቀል ነው። ቤዙ በ9 ቮልት ድንጋይ የሚሠራ አክቲቭ ከሆነ ደግሞ ኬብሉን ሰክታችሁ አትደሩ፤ ባትጫወቱም ድንጋዩን ይበላል።