ለሶሪያሲስ የትኛው ይሻላል፦ የቫይታሚን ዲ ቅባት ወይስ ስቴሮይድ?

ሶሪያሲስ በተባለው የቆዳ በሽታ ክርኑና ጉልበቱ ላይ ብርማ ቅርፊት ያለው ወፍራም ሽፍታ የወጣበት የባሕር ዳር ነዋሪ ከሐኪሙ ጋር ሲመካከር ብዙ ጊዜ ሁለት አማራጮች ይቀርቡለታል፤ እነዚህም ካልሲፖትሪዮል የተባለው የቫይታሚን ዲ ቅባትና እንደ ቤታሜታዞን ያለው፣ የቆዳን መቆጣት የሚያበርደው የስቴሮይድ ቅባት ናቸው።

ዋጋ፦ ስቴሮይዱ ይረክሳል፣ በቀላሉም ይገኛል። ካልሲፖትሪዮል ስለሚወደድ፣ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ቀጣዩ ቱቦ መኖሩን ፋርማሲውን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ፍጥነት፦ ስቴሮይድ ማሳከኩን በቀናት ውስጥ ያበርዳል። ካልሲፖትሪዮል ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለውጥ አላየሁም ብለው ቶሎ የሚጥሉት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ጉዳት፦ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፤ በድንገት ሲያቆሙትም በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። ጭርትን ሶሪያሲስ ነው ብሎ ያለ ምርመራ ስቴሮይድ የሚቀባ ሰውም ፈንገሱን ያባብሰዋል። ካልሲፖትሪዮል ቆዳን ባያሳሳም ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ፊት ላይ አይቀባም፤ እጅም ከተቀቡ በኋላ በሳሙና ይታጠባል። አዋቂ ሰው በሳምንት ከ100 ግራም በላይ ከተጠቀመ በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ ቅርፊትን ከሚያለሰልሰው ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣል። ጣና ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ዓሣ አጥማጅ የተቀባውን ቦታ በልብስ ቢሸፍን መልካም ነው።

በድንገት ለተባባሰ ሽፍታ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ይመረጣል። ለወራት ለሚዘልቅ ክትትል እኔ ወደ ካልሲፖትሪዮል አደላለሁ፤ ሐኪሞች ሁለቱን አጣምረው የሚያዙበትም ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር እናት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ግን ሐኪም ሳያማክሩ ካልሲፖትሪዮልን አይጀምሩ።