ኮብራ ኢንሹራንስ፦ ዋጋው ያስደነግጣል፣ ፖስታውን ግን አትጣሉት

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ስትለቁ ከሳምንታት በኋላ አንድ ወፈር ያለ ፖስታ ይመጣል። የሥራ ቦታችሁን የጤና ኢንሹራንስ ራሳችሁ እየከፈላችሁ መቀጠል ትችላላችሁ የሚል የኮብራ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ይከፍተዋል፣ ዋጋውን ያያል፣ "አብደዋል እንዴ?" ይልና ወደ ቅርጫት ይወረውረዋል። እኔ ተጠቅሜበታለሁና የታዘብኩትን ልጻፍ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኮብራ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ ሌላ ስቴት ላላችሁም ይሠራል።

መጀመሪያ ሁኔታችን። ከሆቴል ሥራ ወጥቼ አንድ ክሊኒክ ቢሮ ገባሁ። ባለቤቴ ኡበር ስለሚነዳ የቤቱ ኢንሹራንስ የተንጠለጠለው በእኔ ሥራ ላይ ነው። የድሮው በኦገስት መጨረሻ አበቃ። አዲሱ የሚጀምረው ኖቬምበር 1 ነው። አሠሪ አዲስ ሠራተኛን እስከ 90 ቀን ማስጠበቅ ስለሚፈቀድለት አቤት የሚባልበት የለም። መሀል ላይ ሁለት ወር ባዶ፣ ያውም አስም ካለበት ልጅ ጋር።

ኮብራ ማለት ያው የድሮው ኢንሹራንሳችሁ ነው። ያው ካርድ፣ ያው ሐኪም። ልዩነቱ አሠሪው ይከፍል የነበረውንም አሁን እናንተ መክፈላችሁ ነው። ሙሉው ፕሪሚየም (የኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያ) ላይ ለአስተዳደር 2 በመቶ ይጨመርበታል። በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዜ 260 ዶላር ይቆረጥ ነበር። ለአራታችን የመጣው የኮብራ ዋጋ ግን በወር 2,214 ዶላር ነው። የቤት ኪራይ በሉት! ቀድማችሁ መገመት ከፈለጋችሁ አሠሪ በየዓመቱ ለግብር የሚሰጣችሁን የደብሊው ቱ ወረቀት አውጡ። ሣጥን 12 ውስጥ ዲዲ ከሚለው ኮድ ጎን ያለው ቁጥር የዓመቱ ሙሉ ዋጋ ነው። ትናንሽ መሥሪያ ቤቶች ላይሞሉት ይችላሉ።

ታዲያ ምኑ ነው ጥሩ? ጊዜው። ለመወሰን 60 ቀን አላችሁ። የሚቆጠረው ኢንሹራንሱ ከተቋረጠበት ወይም ደብዳቤው ከተላከበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ደግሞ ለመጀመሪያው ክፍያ 45 ቀን ይሰጣችኋል። ከፍላችሁ ስትጨርሱ ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተቋረጠበት ቀን ይጀምራል። ስለዚህ እነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ምንም ሳትከፍሉ ገመዱን ይዛችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ።

ልጆቹን ግን እንዲህ ባለ ነገር አልጠበቅኩባቸውም። ገና ከሥራው ሳልወጣ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ላይ፣ ማለትም የስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ ላይ፣ አመለከትኩ። የወላጅ ገቢ ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ቢበዛም ለልጆች ገደቡ በጣም ከፍ ያለ ነው። ዓመቱን ሙሉም ክፍት ነው። ሁለቱም ገቡ፣ የልጄ ኢንሄለር አንድ ቀን አልተቋረጠም። ስልክ ላይ "አማርኛ" ካላችሁ አስተርጓሚ በነጻ ያገናኛሉ። እናቴን ለማስመዝገብም የተጠቀምኩት በዚሁ ነው። ለዚህ አገልግሎት አምስት ኮከብ።

ለእኔና ለባለቤቴም እዚያው መግዛት እችል ነበር። ያልገዛሁት እሱ በጸደይ ለጉልበቱ ኤምአርአይና ፊዚካል ቴራፒ ሲመላለስ የዓመቱን ዲደክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለውን) ጨርሶ ስለነበር ነው። አዲስ ኢንሹራንስ ዲደክቲብሉን ከዜሮ ያስጀምራል። ኮብራ ግን ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ፣ ሌሊት፣ ባለቤቴ ወገቡን ይዞ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ፊቱ በላብ ርሷል።

"ተነስ፣ ኢመርጀንሲ እንሂድ" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ኢንሹራንስ የለንም። ሻይ አፍዪልኝ፣ ይለቀኛል።"

"አለን። ፖስታው መሳቢያ ውስጥ ነው። ተነስ።"

የኩላሊት ጠጠር ነበር። ሆስፒታሉ ካርዱን ሲያየው ተቋርጧል ይላል፣ ስለዚህ ከኪሱ የሚከፍል ብለው መዘገቡት። የመጣው ሂሳብ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

የኮብራውን ወረቀት ለሚይዘው ድርጅት ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ "ወይ ቤተሰቡ በሙሉ ይገባል፣ ወይ ማንም አይገባም" አለችኝ። ቅጹ ፊቴ ነው ያለው። የአራታችን ስም ተዘርዝሯል፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የራሱ ሣጥን አለ። "ታዲያ ይሄ ሣጥን ለጌጥ ነው?" አልኳት። ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው አንድ አለቃ መጣና ልክ ነሽ አለ። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ለብቻው የመምረጥ መብት አለው። የባለቤቴ ብቻ በወር 731 ዶላር ነው። ኦክቶበርን ብቻ ልክፈል ማለት አይቻልም፣ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ነው። የሁለት ወሩን 1,462 ከፈልኩ። ከዚያ የሆስፒታሉን ሂሳብ ክፍል "አሁን ኢንሹራንስ አለው፣ ለእነሱ ላኩላቸው" አልኳቸው። ይሄን እናንተ ካልጠየቃችሁ ማንም አስታውሶ አይልክላችሁም። በመጨረሻ የደረሰብን 250 ዶላር ነው።

እንግዲህ ለኮብራ ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በዋጋው ነው። ሌላው የወረቀቱ ነገር ነው፣ በፖስታ ስለሚመጣ አድራሻ የቀየረ ሰው ጉድ ይሆናል። ቤታችሁን ከለወጣችሁ ለድሮው መሥሪያ ቤት ኤች አር (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል) ቀድማችሁ ንገሩ።

ሁሉም ሰው እንደኔ ይጠብቅ አልልም። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ዲያሊሲስ ላይ ያለ፣ በየወሩ ውድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክፍተት ሳይፈጠር ቀድሞ ይመዝገብ። ሥራችሁን ስታጡ የስቴቱ ገበያ የሚከፈትላችሁም ለ60 ቀን ነው። ያ ካለፈ በኋላ "ኮብራ በዛብኝ፣ ልተወው" ብትሉ ገበያው በዚያ ምክንያት አይከፈትም፣ ኖቬምበር 1 እስኪደርስ ትጠብቃላችሁ። ባል ወይም ሚስት ሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ካለ ደግሞ እዚያ ለመግባት ብዙ ጊዜ ያለው 30 ቀን ብቻ ነው። የድሮው መሥሪያ ቤታችሁ ከ20 ሠራተኛ በታች ከሆነ የፌዴራሉ ኮብራ አይመለከተውም፤ ሜሪላንድ ለእነሱ የራሷ ተመሳሳይ ሕግ አላት።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ባለቤቴን ለማስገባት የጋብቻ ወረቀት ጠየቀኝ። የኛ ጎንደር የወጣ፣ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ነው። ተርጓሚ ስፈልግ የማስመዝገቢያው ቀን ሊያልፍብኝ ትንሽ ነበር የቀረው፤ እናንተ የሥራ ቅጥር ደብዳቤው እንደደረሳችሁ አስተርጉሙት።