ሶሌታ ለመብሳት፦ ተራ ድሪል ወይስ ሮታሪ?

ጅማ ውስጥ ኮርኒስና መብራት የሚሠሩ ጓደኞቼ ይደውላሉ። «ድሪል ልገዛ ነው፤ የቱን ልያዝ?» ሥራህ ወደ ላይ፣ ሶሌታ (የአርማታ ጣሪያ) መብሳት ከሆነ ሮታሪ (በፒስተን የሚመታ ድሪል) ግዛ። በቃ።

እኔ በተራው ድሪል ተቀጥቻለሁ። ሂርማታ መርካቶ 5,200 ብር ተባልኩ፤ ሮታሪው 11,800። 6,600 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ርካሹን ይዤ ወጣሁ። ትልቅ ስም ተለጥፎበታል፤ ዕቃው ግን ፎርጅድ ነው። በሁለተኛው ወር ተቃጠለ። ጠጋኙ ሲፈታው የሞተሩ ሽቦ ጥቅልል መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ሆኖ ተገኘ። ማስጠቅለያ 1,900 ከፈልኩ። በሦስት ሳምንቱ እንደገና ጨሰ። 7,100 ብር ውሃ በላው።

ገንዘቡስ ይሁን፤ ትከሻዬ ነው የከፋው። ተራው ድሪል የሚመታው ውስጡ ያሉት ሁለት ጥርሳም ብረቶች ሲፋጩ ነው። ካልገፋኸው አይመታም። እጅህን ከራስህ በላይ ሰቅለህ አርማታ ስትገፋ ዋልክ ማለት ነው። ማታ ጉርሻ ማንሳት ያቅተኝ ነበር። ሮታሪው ግን ውስጡ ያለው ፒስተን በታመቀ አየር ራሱ ይመታል። አንተ አቅጣጫውን ትይዛለህ። ክብደቱ ከተራው ይበልጣል፣ አልዋሽህም። የእኔ ወደ 3 ኪሎ ነው። 5 ኪሎ የሚሆነውን ግን እንዳትነካ፤ እሱ ለማፍረስ ነው።

ሮታሪ እየዞረ መምታት ካቆመ አትደንግጥ። ብዙ ጊዜ የፒስተኑ ጎማ አልቆ ነው። እኔ በ350 ብር አስቀይሬዋለሁ።

የድሮ ፑንታህ (መብሻ ብረትህ) ሮታሪው ውስጥ አይገባም፤ ጎድጎድ ያለ ጭራ ያለው ይፈልጋል። ርካሽ ፑንታ ደግሞ ፌሮ (አርማታው ውስጥ ያለውን ብረት) ሲነካ ጫፉ ይረግፋል። አራት በ120 ብር ገዝቼ አንድ ቀን አልዋሉልኝም። አሁን አንዱን በ280 እገዛለሁ።

መሰላል ላይ ተንጠልጥለህ ከሠራህ ግን ሮታሪውም አያድንህም። ካባሌታ (የመቆሚያ ርብራብ) ዘርጋ፤ ክንድህ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ሶሌታው እስኪደርስህ ከፍ በል። ድሪሉን ቱቦ ላይ አስሮ ከወለል የሚያስበሳ ማቆሚያም በ2,300 ብር አስበይጄ ሞክሬያለሁ። መቶ ቀዳዳ በአንድ መስመር ካለህ ትከሻህ ይመርቅሃል። ለአሥር ቀዳዳ ግን እሱን ስታስተካክል ቀኑ ይመሻል።

አቧራውን በነጻ ትገላገለዋለህ። የሃይላንድ ታችኛውን ግማሽ ቆርጠህ ቂጡን ብሳና ፑንታው ላይ ሰካው። መነጽሩን ግን እንዳትተው።